የማማው እጅጌ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? «ባሌ ባልዲ እንኳ እንዳላነሳ ከለከለኝ» ያልሽውን ለአባትሽ ሳነብለት፣ «ይሄ ልጅ ካሁኑ ፈሪ ሆነ» ብሎ ሳቀ። እሱ አንቺን ባረገዝኩ ጊዜ ምን ያደርግ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። የሚቀሰቅስሽ ይመስል ቤት ውስጥ በእግሩ ጣት ነበር የሚሄደው።

«መጥቼ አንቺ ጋ ልውለድ» ብለሻል። ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለኝ? ግን አሁን አትምጪ። ክፍልሽ ቀለም እየተቀባ ነው። ያልጋውም እግር ተሰብሯል፤ መንገዱም አቧራ ነው።

ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ራሴንም አሳቀኝ። አንቺ እንደሁ ከልጅነትሽ ጀምሮ ውሸቴን ገና ካፌ ሳይወጣ ነው የምትይዢው። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ።

ለፋብሪካው ማማ የነፋስ ጨርቁን የምሰፋው እኔ አይደለሁ? ያ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ፣ አንቺ «የማማው እጅጌ» የምትይው ብርቱካናማ ጨርቅ። ፋብሪካው የሚሠራው የተባይ መርዝ አየር ሆኖ ካመለጠ ሠራተኛው ቀና ብሎ የነፋሱን አቅጣጫ በእሱ ያይና፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ሳይሆን ወደ ጎን ይሮጣል። እኛም ከሠፈር እናየው ነበር። ዘንድሮ ፀሐይ በልቶት ክር ብቻ ቀረ። አዲስ ልስፋ ወይ ብል፣ ፋብሪካው ሊሸጥ ስለሆነ ወጪ ተከልክሏል አሉኝ።

ኋላ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር ጥሩ ጨርቅ ይዞ መጣ። ለማማው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሰፋሁት። በማግስቱ ቀና ብል ማማው ባዶ ነው፤ ጨርቄ ኮረብታው ላይ፣ አስኪያጁ ቤት ጣሪያ ላይ ይውለበለባል። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ያዘዘችኝን መጋረጃ ሳይጠለፍ ልትወስድ መጣች። «ልጆቹ ትንሽ አየር ይለውጡ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ሳቂታውን ታስታውሺዋለሽ፣ በራችንን የበየደልንን? ሞተ፣ ልጄ። ቧንቧ ሊጠግን ገብቶ ዓይኑን እያሸ ወጣ፤ ደጅ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ አጠረው፣ በዚያው ቀረ። ፋብሪካው ልቡ ነው አለ። ቀብሩ ላይ የፋብሪካውን ኢንጂነር ጠጋ ብዬ፣ «ያ የአደጋ ጡሩምባ ለምን አልጮኸም?» አልኩት።

«ሰው በከንቱ እንዳይሸበር ብለን ነው፣ እማማ። የውጭውን ዘግተነዋል፤ ውስጥ ግን ይጮኻል።»

ውስጥ ያለው በመስታወት የተዘጋው የእነሱ ቢሮ ነው። እኛ ስንሞት እነሱ ይሰማሉ ማለት ነው።

አባትሽ አይነግረኝም ነበር፤ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው ያወጣው። መርዙ ያለበት ትልቁ ታንከር ሁልጊዜ መቀዝቀዝ አለበት አሉ። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ከርሟል፤ የሚጠግነው የለም። አብረውት የነበሩትን አሰናብተው በፈረቃው ብቻውን ቀርቷል። ተው፣ ቤቱም የፋብሪካው ነው፣ እሱንም እንተውላቸውና ልጃችን ጋ እንሂድ ብዬ ለመንኩት። «እኔ ከሄድኩ የታንከሩን ቫልቭ ማን ይዘጋዋል?» አለኝ። እኔም እሱን ትቼ አልሄድም። ያስለዋል፤ ጉንፋን ነው ይላል። በዚህ ፀሐይ ጉንፋን!

ከአስኪያጁ ጨርቅ የተረፈኝን ቁርጥራጭ ቀጣጥዬ ትንንሽ እጅጌዎች ሰፋሁ። ባለሱቋ ጎረቤታችን፣ «ሰፊዋ፣ ጣሪያውንም ልብስ ልታለብሺው ነው?» ብላ አሾፈችብኝ፤ ግን መጀመሪያ የሰቀለችው እሷ ናት። ሠፈሩ ሁሉ በየጣሪያው ሰቀለ። ወዲያው የፋብሪካው ዘበኞች መጥተው፣ ሕዝብ ታሸብራላችሁ ብለው እየዞሩ አወረዱት። የኛን አላዩትም፤ ጣሪያው ላይ ከውኃ ጋኑ ጀርባ ስለሆነ ከታች አይታይም። ባለሱቋ አሁን በየጠዋቱ «ወዴት ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች። አንዳችንም አንስቅም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሁልጊዜ ከፋብሪካው ወደ እኛ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ለሕፃኑ ሸሚዞች ልኬልሻለሁ። ደጅ ላሰጣቸው ፈርቼ ቤት ውስጥ ነው ያደረቅኳቸው። ቢሆንም አንቺ ደግመሽ እጠቢያቸው፤ ውኃው ከዚሁ ነው።

ካንቺ ርቄ መቅረቴ አንጀቴን ይበላኛል። የሕፃኑን የመጀመሪያ ልቅሶ እኔ ልሰማው ነበር የተመኘሁት። ባልሽ አጠገብሽ ይሁን፤ ፍርሃቱን አትናቂበት፣ ደግ ፍርሃት ነው።

እልኸኛ ነሽና፣ ይህን ሁሉ አንብበሽም ትመጪ ይሆናል። ከመጣሽ አውቶቡሱ ኮረብታው ላይ ሲደርስ በመስኮቱ ጣሪያችንን እዪ። እጅጌው ጀርባውን ለፋብሪካው ሰጥቶ ወደ ሠፈሩ ከተዘረጋ አትውረጂ። እዚያው ተቀምጠሽ እለፊ። በራችን ላይ ቆሜ ነዪ እያልኩ እጄን ሳወዛውዝልሽ ብታዪኝ እንኳ አትውረጂ።

እግዜር በሰላም ያገላግልሽ፤ ልጅሽ ንጹሕ አየር ስቦ ይደግ።

እናትሽ

አባትሽ ፈረቃ ሊገባ ጫማውን እያሰረ ነው፤ ሳሚልኝ ብሎሻል።