አንድ ጉንጭ ውሃ

ይድረስ ለእታለም፣ ለእህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም እንደ ቤት አከራይ ቀኑን ጠብቆ ያንኳኳል? ባለቤትሽ ደህና ነው? አማትሽ ዓይናቸው ተሻላቸው? ልጅቱስ፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ? ሰባት ዓመት ሞላት ብለሽ የላክሽው ፎቶ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተሰክቷል፤ አባባ ፂማቸውን በተላጩ ቁጥር ከእሷ ጋር ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። እኛ ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጀምረው። አባባ በሕይወት አሉ። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባ እንድጽፍልሽ ያዘዙኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቦታው ተገኝቷል፣ ልጅቱን ይዛ ትምጣ በላት» ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ጎረምሳ ሆኜ ያልደፈርኩትን፣ ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር ትእዛዛቸውን ልጥስ ነው።

ያን ደብዳቤሽን ታስታውሻለሽ። ልጄን ዋና የሚያስተምሯት አባባ ናቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ንጹሕና የማያሰጋ ውሃ ፈልጉላት፣ የክሎሪን ሽታ የሌለው፣ ሰማይ የሚታይበት ይሁን ብለሽ ነበር። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ እንዴት ይቀላል! በጊዜው ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁን የምናደድበት ሌላ ሰው አለኝ። አባባ ግን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ጀልባቸውን ከሸጡ ወዲህ ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አላየሁም። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ውሃ ያስለመዱ ሰው ናቸው፤ ገና የሚያስተምሩት ሰው አለ መባሉ ነው መሰለኝ ያቆማቸው። ያኑ ዕለት የድሮ ቁምጣቸውን ከሳጥን አውጥተው ወገቡን በገዛ እጃቸው አጠበቡት።

አራት እሁድ ዞርን። መጀመሪያ የሄድነው ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ ወደተተወው ትልቅ ጉድጓድ ነው። ዝናብ ሞልቶት ውሃው ጥርት ብሏል። አባባ ዳር ዳሩን ዞረው ዞረው፣ መግቢያ ሞልቶታል፣ መውጫ ግን የለውም፣ ከመግባትህ በፊት መውጫህን እይ ብዬ አይደል ያሳደግኋችሁ ብለው ተመለሱ። በሳምንቱ ግድቡ ጋ ሄድን። ዘበኛው በአክብሮት ባርኔጣውን አንስቶ፣ አባቴ፣ ይህን ውሃ ከተማው ሁሉ ይጠጣዋል፣ እርስዎ እግርዎን ሊታጠቡበት ነው? አላቸው። አባባ አፍረው ተመለሱ። ሦስተኛው፣ ልጆች ሆነን የምንዋኝበት ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ታጥሯል፤ የሆቴሉ እንግዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት። አባባ ጥበቃውን፣ ውሃውንም አጠራችሁት? ብለው ቢጠይቁት፣ ውሃውን አይደለም አባባ፣ መድረሻውን ነው አላቸው። ያን ቀን ሳቅን። የመጨረሻው ሳቃችን ነበር።

አራተኛው ከድልድዩ በታች ያለው የወንዙ እጥፋት ነው፣ ከቤት ሃያ ደቂቃ በእግር። አሸዋ አለው፣ ውሃው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ መውጫው ሕፃን ይወጣዋል። ዳሩ ላይ «ለዋና የተፈቀደ» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ ተተክሏል። አባባ ሰሌዳውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፣ ይኸው አፍንጫችን ሥር እያለ አገር አዞርከኝ ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እኔ ሌላ እንፈልግ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ፣ እዚህ ሰው ይበዛል አልኩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው እታለም፤ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

አሁን ልንገርሽ። ውሃ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው ስላችሁ የኖርኩት እውነት ነው፣ ግን የትኛው ውሃ እንደሆነ ጠይቃችሁኝም አታውቁ። የምሠራው ከእጥፋቱ ከፍ ብሎ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። የከተማው መጸዳጃ ቤትና መታጠቢያ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፣ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ወንዝ ይገባል። ይህ ማሽኑ ሲሠራ ነው። ሁለተኛው ፓምፕ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ገንዳዎቹ ሞልተው ይፈሳሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የጤና ቢሮ ልጅ በሞተር ሳይክል መጥታ ከእጥፋቱ ናሙና ትወስዳለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምረን ፍሳሹን አፍነን እንይዘዋለን። ልጅቱ ጠርሙሶቿን በረዶ ሳጥን ውስጥ ደርድራ ድልድዩን እንዳለፈች ፎርማኑ ቧንቧውን በብረት ሁለት ጊዜ ይመታል። ያን ጊዜ ሳይጣራ የሚያሳልፈውን መስመር የሚከፍት ሰው አለ። እኔ ነኝ። መዘውሩ አርባ ዙር ነው።

የልጅቱ ናሙና ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ ሰሌዳውም ሁልጊዜ አረንጓዴ። እሷ አልዋሸችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ጋ እውነት የሚጠራው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። አባባ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ውሃ ያጸዳል» እያሉ ነው የኖሩት። ይህን የሚል አባት ፊት ቆመሽ ምን ትያለሽ?

ከአምስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ፣ እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ፣ አባባ ቁምጣቸውን በፌስታል ይዘው ብቻቸውን ወደ እጥፋቱ ወረዱ። ለልጅቱ ቦታውን አስቀድመው ሊለኩላት ነው። ናሙና የምትወስደዋን ልጅ አግኝተው፣ ልጄ፣ ውሃው እንዴት ነው? ብለዋት፣ ጥሩ ነው አባባ፣ ይዋኙ ብላቸዋለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ ድልድዩ ሥር መኪና የሚያጥበው ሰውዬ ነው። አባባ እሷ እስክትሄድ በጨዋነት ጠብቀው ልብሳቸውን አወለቁ። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ሰውዬው ባይነግረኝም አውቀው ነበር፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ተንበርክከው አንድ ጉንጭ ወሰዱ። ውሃን በአፍህ ሰላም ሳትለው አትግባበት አይደል የሚሉት! እኔና አንቺን ስንቴ አስጎነጩን? ከላይ ጎርፍ እየመጣ እንደሆነ በጣዕሙ ይለዩታል። ይህን ግን የሚለይ ምላስ የለም። ዋጡት፣ ገቡ፣ ወዲያ ማዶ ደርሰው ተመለሱ። ሰዓቱን አስልቼዋለሁ። እሳቸው ሲንበረከኩ እኔ መዘውሩን ጨርሼ እጄን እየታጠብኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና ተቅማጥ ጣላቸው። ሐኪሙ ምን በሉ፣ ምን ጠጡ ብሎ ሲጠይቅ አባባ ፈጠን ብለው ያደረ ምግብ ነው አሉ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። አዎ፣ ያደረ ምግብ ነው አልኩ። ምርመራው እውነቱን እስኪያወጣ ሁለት ቀን በከንቱ ሄደ፣ በዚያ ሁለት ቀን ኩላሊታቸው ተጎዳ። አሁን ቤት ናቸው። ግድግዳ እየያዙ ይሄዳሉ፣ እግራቸው ያብጣል፣ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት እንመላለሳለን። ውሃ ውስጥ መግባት ከእንግዲህ የለም ተብለዋል።

አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለፈው እግራቸውን ሳጥባቸው ብቻ፣ ሰሌዳው አረንጓዴ ነበር አሉ። አዎ አባባ አልኩ። አንተም ሥራ ላይ ነበርክ አሉ። አዎ አልኩ። እንግዲያው ውሃው ደህና ነው፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ ለእህትህ ጻፍላት አሉኝ። አምነውኝ ነው ወይስ አውቀው ሊሸፍኑኝ? ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ለፎርማኑ ነገርኩት። እግዜር ይማራቸው፣ ግን ፓምፑን እኔ አልሰበርኩትም አለኝ። ላይኛው ቢሮ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ተቀብለው ማህተም መቱበት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ብረቱ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ እኔም አርባውን ዙር አዞርኩ። ጀግና ወንድም ቢኖርሽ ምንኛ በወደድኩ! ዛሬም ማክሰኞ ነው። ጠዋት ልጅቱ ጠርሙሷን ስትሞላ አጠገቧ ድረስ ወርጄ ነበር። ልላት የፈለግሁት ከሰዓት ተመልሰሽ ቅጂ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሌሊቱን ሳጠናት ነው ያደርኩት። አባባ ያኔ ስለ እኔ አጫውተዋት ኖሮ፣ ልጅቱ ቀና ብላ አባትህ እንዴት ናቸው? ስትለኝ፣ ደህና ናቸው አልኳት። ውሃውም ደህና ነው አልኳት።

ስለዚህ እታለም፣ ቦታው አልተገኘም። ልጅቱን ይዘሽ ነይ፣ ቶሎም ነይ፣ ጊዜው እንደ በፊቱ ሰፊ አይደለም። የዋና ልብሷን ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ። አባባ ፊትም ይህን ደብዳቤ እንዳታነሺ፤ ከፈለግሽ ብቻዬን ስታገኚኝ በጥፊ ምቺኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ፣ ዓይናቸውን እግዜር ይማርላቸው። የአባባን ቁምጣ ከሳጥን ያስወጣች እሷ ናትና ልጅቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አያትሽ አልጋ ላይ ሆነው እጃቸውን እየቀዘፉ ዋና ያሳዩሻል በያት። ብረቱ አሁን ሁለት ጊዜ ተመታ፣ ልነሳ ነው። አንድ አደራ ብቻ፦ አያቷ ውሃን በአፋችን ሰላም እንድንል ያስተማሩንን አታስተምሪያት። ሰሌዳው ምን ዓይነት ቀለም ቢኖረው፣ አጎቷም ደህና ነው ቢላት፣ አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳትቀምስ።

ወንድምሽ

ከማጣሪያው ጣቢያ፣ ከዕቃ ክፍሉ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን፣ ረፋድ ላይ