አውራ ጣቴና የአማቴ ወፍራም ብዕር

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1998

«እማማ፣ ግድ የለም፣ በጣትዎ ይጫኑልን።» በጣትዎ! ለእኔ!

ንዴቴ አሁንም አልበረደልኝም፤ ጽሕፈቱም ተንጋዷል። ደግሞስ ማን ሊያነበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ስመኝ እሑድ ታገባለች። ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ሄደን የጋብቻው ውል ይፈረማል፤ የእሷ ምስክር እኔ ነኝ። ዛሬ ቀጠሮ ልናስይዝ ሄድንና ጸሐፊው አንድ ወረቀት አውጥቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። እስክሪብቶውን ያዝሁ። አውራ ጣቴ አልታጠፍ አለ። ኅዳር ላይ ሉማሜ መናኸሪያ የሚኒባስ በር ከተዘጋበት ወዲህ ስብራቱ ገጠመ፣ ጣቱ ግን እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። እስክሪብቶው አመለጠኝና ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። ጸሐፊው ዕድሜው ከስመኝ አይበልጥም፤ አዘነልኝ መሰለኝ፣ የማኅተሙን ቀለም ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ያን ጊዜ ነው «በጣትዎ ይጫኑልን» ያለኝ።

«ስማ የኔ ልጅ፣» አልሁት፣ «እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጣት ከዚህ ቀለም ሳወጣ ነው። ዓርብ እፈርማለሁ።» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ። ስመኝ በክንዴ ጎትታ አስወጣችኝ።

ደግሞ እውነቴን ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በየገጠሩ እየዞርሁ ከእርሻ የመጣ ሰው አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ የማስጽፈው የራሱን ስም ነበር፤ ሀ ሁ ይደርሳል። በሬ የሚጠምድ ጎልማሳ ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ላቡ ጠብ ሲል አይቻለሁ። ዛሬ እኔ ጥሩወርቅ ጣቴን ልንከር? ኧረ በሕግ አምላክ!

ችግሩ፣ እፈርማለሁ አልሁ እንጂ በምን እንደምፈርም አላውቅም። ይህንንም የምጽፈው እርሳሱን እንደ ዘነዘና በጡጫዬ ጨብጬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ጠዋት የብስኩት ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሮጌ ነገር አይጥልም ነበር። ሦስት የቀለም ብዕር አገኘሁ። ቀለም ሳልሞላ፣ በደረቁ፣ አንድ በአንድ ያዝኋቸው።

የባለቤቴ፣ ብረቱ። ያብለጨልጫል፣ ሰው ፊት ሲያወጡት ያኮራል። ግን ቀጭን ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ክዳኑን ከኋላው ሲሰኩበት ደግሞ ወደ ኋላ ይከብዳል። ጤነኛ አውራ ጣት ካልያዘው ሹልክ ነው። ወደ ቆርቆሮው።

አረንጓዴው። የመምህርነት ኮርስ ስጨርስ አባቴ የገዛልኝ። ወገቡ ላይ ቀጠን ይላል፤ ያኔ ጣቶቼ እዚያች ላይ ልክክ ይሉ ነበር። አሁን አንጓዎቼ አብጠዋል፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ የልጃገረድ ጣት ይጠብቃል። ምን ላድርግለት? እሱም ወደ ቆርቆሮው።

ሦስተኛው የአማቴ፣ የባለቤቴ አባት ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ድሮ ጥቁር ነበር፣ አሁን ወደ ቡኒ ሄዷል። ወፍራም ነው፤ ሲያዩት የሚከብድ ይመስላል፣ ሲይዙት ግን ቀላል። ጭራውን በጥርሳቸው አኝከውታል። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ተልጎ ጎድጎድ ብሏል። እኒህ ሰውዬ ልጃቸው ሊያገባኝ ሲል «አስተማሪ ሴት ምን ታደርግልሃለች? ጠመኔ ልታበላህ ነው?» ያሉ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ይህን ብዕር ነክቼው አላውቅም።

ያዝሁት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አልሆነም። ተናደድሁና በሌባ ጣቴና በመሐል ጣቴ መካከል ሰካሁት፣ ወንዶቹ ሲጋራ እንደሚይዙት። ቆመ! ወፍራም ስለሆነ ጣቶቼ መጨበጥ አላስፈለጋቸውም፤ ክፍተቱን እሱው ሞላው። ጀርባው መዳፌ ጠርዝ ላይ ተኛ። አውራ ጣቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያል፣ ሥራ የለውም። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ቀለም ፍለጋ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደብተር የሚሸጥ ሱቅ አልቀረኝም። «የማኅተም ነው የሚፈልጉት?» ይሉኛል። ማኅተም፣ ማኅተም! የብዕር ቀለም የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ስመለስ ጎረቤታችንን የኔታን አገኘኋቸው። ብራና የሚጽፉ ሰው ናቸው። «ለቀለም ብለሽ ነው እንዲህ የምትንከራተቺ?» አሉና ራሳቸው ያዘጋጁትን ጥቁር ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ሰጡኝ። እጃቸውን ስሜ ሮጥሁ። ሞላሁት። ሁለት ፊደል ጻፈልኝና ዘጋ። ጭርሱን ዘጋ! የየኔታ ቀለም ከጥላሸት ነው የሚሠራ፤ ለሸምበቆ ብዕር እንጂ እንዲህ ጉሮሮው ለጠበበ አይሆንም። አንቺ ሴት፣ ይሄን ማሰብ እንዴት ያቅትሻል? ቀኑን ሙሉ በለብ ያለ ውኃ ሳጥብ ዋልሁ። እጄ ጠቆረ፣ ነጠላዬ ጠቆረ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋው ጠቆረ። የኔታ ሲያልፉ «ጻፈልሽ ወይ?» አሉኝ። «እንዴታ!» አልሁ። ምን ልበል?

ማታ ስመኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ።» የእጮኛዋ የይበልጣል ምስክር እናቱ ናቸው፤ ወይዘሮ የዝና፣ ከደብረ ኤልያስ ይመጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚፈርሙት በጣት ነው። «አንቺ እዚያ ቆመሽ ጣቴን አልሰጥም እያልሽ ስትፎክሪ እሳቸው ምን ይሰማቸዋል? ነገ ከእሳቸው ቤት ነው የምገባው። ለእኔ ስትዪ አንዴ ተጫኚ።»

«ነውር ነው አላልሁም» አልኋት።

«ፊትሽ ይላል» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄ ያለችው ልክ ነው። ብጫን ምን ይጎድልብኛል? እሷ ደስ ይላታል፣ አማቷ አይከፋቸውም፣ እኔም እገላገላለሁ።

ግን ደግሞ እንዲህ አልሁ። ነገ ለስመኝ ብዬ እጫናለሁ። ቀጥሎ ባንክ ቤት ለወረፋው ብዬ። ቀጥሎ ቀበሌ፣ ለጸሐፊው ምሳ ሰዓት ብዬ። እንዲህ እንዲህ እያለ ለሰው ሁሉ ስመቻች እጄ ስሜን ይረሳዋል። አልጫንም! ወይዘሮ የዝናን አከብራቸዋለሁ፣ እኔም ስሜን እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ምን አጣላቸው?

ከሰዓት በኋላ ስመኝ ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ አስቀመጠች። አቧራ የጠጣ ሰማያዊ የብዕር ቀለም! ይበልጣል ለሠርጉ ዕቃ ቁይ ከተማ ሄዶ ከአንድ አሮጌ ሱቅ ያገኘው ነው። ላቅፋት ስል «አኩርፌያለሁ ግን» አለችና ወጣች። የእኔው ልጅ!

ከዚያ ልምምድ። የእስክሪብቶ አመል ይዞኝ ስጫነው ይጭራል፣ ቀለሙን ይተፋል። እጄን ለቀቅ ሳደርገው ግን ወረቀቱ ላይ ራሱ ይሄዳል። የአማቴ እጅ ያዘነብል ነበር መሰለኝ፣ ጫፉ በአንድ ጎን ተበልቷል፤ ቀጥ አድርጌ ስይዘው ይቆጣል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሳዞረው ይለሰልሳል። «እሺ አባባ፣ በእርስዎ በኩል ይሁን» አልሁ። ጠመኔ ያሉኝ ቀን ግን አልተረሳም።

ሲመሽ ሙሉ ስሜን ጻፍሁ። ያምራል አልልም። ይነበባል።

ዓርብ፣ ጥር 19

ፈረምሁ! ግን በሥርዓቱ ልናገር።

ማዘጋጃ ቤቱ በጥር ሠርገኛ ጢም ብሏል። ወይዘሮ የዝና ነጭ በነጭ ለብሰው ቀድመውን ደርሰዋል፤ ተሳሳምን። ጸሐፊው ያው ልጅ ነው፣ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ሙሽሮቹ ፈረሙ። ተራዬ ደረሰና ብዕሩን አውጥቼ በሁለት ጣቴ ሰካሁት።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ በዚህ አይሆንም።»

ለምን? ወረቀቱ ሦስት ቅጂ ነው፣ በመሐሉ ካርቦን አለበት፤ ካልተጫኑት ወደ ታች አይወርድም። የእኔ ብዕር ደግሞ መጫን አይወድም። ደሜ ፈላ። ስመኝ ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ ወደዚያ የማኅተም ቀለም እጁን ሲዘረጋ አየሁት።

«ካርቦኑን አውጣው» አልሁት።

«ምን?»

«አውጣው። ሦስቱንም ለየብቻ እፈርማለሁ።»

«እማማ፣ ወረፋው እኮ...»

«ወረፋው ይጠብቃል። እኔ ይህችን ልጅ ለዚህ ለማድረስ ከዚህ ወረፋ በላይ ጠብቄያለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ልጁ ካርቦኑን አወጣ።

መጀመሪያው ላይ የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመሩ ወረደችብኝ። ሁለተኛው ቀጥ አለ። ሦስተኛው ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ወደቀች፣ ስሜ ግን ተጻፈ። ክዳኑን ስከድን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማንም አላየኝም፣ ቢያይም ግድ የለኝ።

ቀጥሎ ወይዘሮ የዝና። ልጁ ሳይጠይቃቸው አውራ ጣታቸውን ያዘና ነከረው፣ ከዚያ ወረቀቶቹ ላይ አንድ በአንድ አዟዟረው። ሦስት ጊዜ! ለካ አሻራም በካርቦን አያልፍም! «ታዲያ ለጣት ሦስት ጊዜ የሆነ ለብዕር ምን ከለከለው?» አልሁት። ራሱን አከከ።

ደረጃውን ስንወርድ ወይዘሮ የዝና ጣታቸውን በወረቀት እየጠረጉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

«ጣቴን እንደ ዕቃ ይዞ ሲያዞረው እኔም አልወድም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እምቢ ማለት እንደሚቻል አላውቅም ነበር እንጂ።»

ብዕሩን እጃቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ጨበጡት፣ ገለበጡት፣ መዘኑት። «ወፍራምነቱ ደስ ይላል» አሉ። ቀጥለው «የኔ ስም ረጅም ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አጭር ነው። ሦስት ፊደል።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሦስት?» አሉ። «ለሦስት ፊደል ነው ይህን ሁሉ ዘመን እጄን ሲይዙኝ የኖሩት?»