የሽማግሌው እጅና የማጨጃው ሞተር

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የምነግርሽ ጉዳይ የሰማይ ስባሪ የሚያህል ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እማዬም አጠገብሽ ካለች እጇን ያዢልኝ። የመሥሪያ ቤታችን የሣር ማጨጃ መኪና ሞተር አንዴ እየጮኸ አንዴ እያቃሰተ፣ ፍጥነቱን መያዝ አቅቶት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰነበተ። ወዳጅ ዘመድ በያለበት ይጽና።

አሁን ወደ ሰላምታው ልግባ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ ጆንያ ማንሳቱን ትተሽለታል ወይስ አሁንም «ዛሬን ብቻ» እያልሽ ነው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? የባልሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ ቤቱን በሙሉ እያሳመመ ነው? ወፍጮውስ፣ ጠዋት ጠዋት ማሳሉን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ካልሲዬንም በጊዜው አጥባለሁ። የታመመው ሆዴ ነው፤ እሱም ካየሁትና ከሰማሁት እንጂ ከበላሁት አይደለም።

እንደምታውቂው የምሠራው የከተማው ውሃ በሚጣራበት ግቢ ነው። ውሃው ከመሬት በታች በትልልቅ ጉድጓዶች ይጠራቀማል፣ በጉድጓዶቹ ጣራ ላይ ደግሞ ሣር ይበቅላል። ሣሩን ላም አይግጠውም፣ ልጅ አይቦርቅበትም፣ መንገደኛም አያየውም፤ ዙሪያው አጥር ነው። ግን ከአራት ጣት በላይ ማደግ ክልክል ነው። ያጨድነውን በጆንያ እየሞላን እንጥለዋለን። የጎረቤት ላም በረሃብ ጎኗ ሲገባ ያየሽ ሰው ይህን ብታዪ ለሳምንት እህል በጉሮሮሽ አይወርድም።

ማጨጃዋን የሚነዱት አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ናቸው። ደረታቸውን ነፍተው ሰልፍ እንደሚቀበል ሰው ስለሚቀመጡባት ጄኔራል እንላቸዋለን። ዳሌያቸው ታሟል። ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡባት የማይደክሙት ሰው፣ ሃምሳ እርምጃ በእግራቸው ከሄዱ ፊታቸው አመድ ይመስላል። ጡረታቸው ሊደርስ ስምንት ወር ቀርቶታል። እኔ ደግሞ በእጅ የሚገፋውን ትንሹን ማጨጃና የጥገናውን ሥራ ይዣለሁ፤ ጥገናውን የሰጡኝ «እህቴ ወፍጮ ነጂ ናት» ብዬ ስለፎከርኩ ነው። ከሁለታችን በላይ አለቃችን አለ። ለሁሉም ነገር የሚሞላ ቅጽ ስላለው አቶ ቅጽ ብዬዋለሁ። ሲያስነጥሰው እንኳ በሁለት ቅጂ ይመስለኛል።

ሞተሩ መዋዠቅ የጀመረ ዕለት አቶ ቅጽ መጣ። ጆሮውን ጥሎ ማዳመጥ ሲገባው ዓይኑን ጣለ። ጄኔራሉ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ይዘዋል፤ እጃቸውም እንደ ማንኛውም የሽማግሌ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ። «እጃቸው ነው» አለ። «እጅ ሲንቀጠቀጥ ነዳጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጁ ሲንቀጠቀጥ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።» እኔም «ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን አናትዎ ላይ ያድርጉ» አልኳቸው። አደረጉ። ማጨጃዋ ያለማንም እጅ መጮኋንና ማቃሰቷን ቀጠለች። አቶ ቅጽ በዋዛ የሚረታ አይደለም፣ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠባት። ያው ነው። ወረደ፣ ሱሪውን አራገፈና «መቀመጫው የእሳቸውን መንቀጥቀጥ ለምዶ ነው» አለ። እትዬ፣ ይህን የተናገረ ሰው ፊርማ አለው። ማኅተምም አለው።

በማግሥቱ ቅጽ ተሞላ። ጄኔራሉ ከማጨጃዋ ወርደው የእኔን ትንሹን ማጨጃ በእግራቸው እንዲገፉ ተደረገ፤ ጥፋቱ የእጃቸው አለመሆኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተረጋገጠም ይሰናበታሉ ተባለ። እሳቸው ቆባቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ ግን ካቻቢቴና ፒንሳዬን ይዤ ማጨጃዋ ሥር ገባሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እየበላሽ ከሆነ ተይው። ቤንዚኑን ቀዳሁት። ካምና የተረፈ ነው፣ ሽታው የከረመ ቀለም፣ ከሥሩም ቢጫ ውሃ አቁሯል። ደፍቼ አዲስ ሞላሁ፤ ያው። የታንኩ ክዳን አየር ከልክሏት እንደሆነ ብዬ አላልቼው አስነሳኋት፤ ያው። የአየር ማጣሪያውን ከፈትኩ። አይጥ ጎጆዋን ሠርታ፣ ወልዳ፣ ከብዳ፣ በመጨረሻም እዚያው ሞታ ደርቃለች፣ ከነጅራቷ። ለስንት ወር ሞተሩ የሚተነፍሰው በሬሳና በሽንት ውስጥ ኖሯል። በሁለት ጣቴ ይዤ ሳወጣት አቶ ቅጽ አፍንጫውን ይዞ «ይህ የእንስሳት ጉዳይ ነው፣ ቅጹ ሌላ ነው» አለኝ። ከእሷ ይልቅ እሱ ቀፈፈኝ።

ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ከውስጡ እንደ ንፍጥ የሚጎተት አረንጓዴ ነገር ወጣ። አጠብኩት፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ኮረኮርኩ፣ ነፋሁ። እሳት የሚጭርላትን ካንዴላ ቀየርኩ። ሚኒሞውን፣ ያ ሥራ ሳይዝ ዝም ብሎ የሚያጉረመርምበትን ፍጥነት፣ በጆሮዬ እየለካሁ አስተካከልኩ። ተሻላት። ጠዋት ቀዝቀዝ ስትል እንደ አዲስ ሙሽራ ጭምት ናት። ትንሽ ሠርታ ስትግል ግን ያው ጩኸት፣ ያው ማቃሰት። ነገሩ አንገሸገሸኝ።

ዓርብ ጠዋት ጄኔራሉ ተዳፋቱ ላይ ማጨጃውን ሲገፉ ወደቁ። እግዚአብሔር ሲያወጣቸው አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ክርናቸው ተገሽልጦ ዳሌያቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ደግፌ ሳነሳቸው ያሉኝ «ለአለቃው እንዳትነግረው» ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ነገሩን አገኘሁት። ፍጥነቱን የሚገድበውን ክንድ ታውቂዋለሽ፣ ወፍጮው ላይ «ልጓሙ» የምትይውን። ልጓሙን የሚስበው አንዲት ትንሽ ሞላ ናት። በሞላዋ ቦታ ሞላ የለም። ከእጅ ጋሪ ውስጠኛ ጎማ የተቆረጠ ጥቁር ቁራጭ ታስሯል። ቋጠሮው ሁለቴ ዞሮ ጫፉ በራሱ ሥር ተወትፏል። በዚህ ግቢ እንዲያ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያስተማርሽውም አንቺ ነሽ።

በሚያዝያ ሞላዋ ስትበጠስ አቶ ቅጽ «በቅጽ ሲጠየቅ አንድ ወር ይፈጃል» ብሎኝ ነበር። እኔ ጀግናው፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ጎማ ቆርጬ አሰርኩ። ማጨጃዋ ተነሳች። ጄኔራሉ ዳቧቸውን ለሁለት ገምሰው ሰጡኝ፣ «የዚህ ልጅ እጅ ወርቅ ነው» እያሉም ለዘበኛው ሳይቀር አወሩልኝ። ከዚያ ረሳሁት። ጎማ ሲበርደው ይጠብቃል፣ ሲግል ይልማል፤ ልጓሙም አንዴ ይስባል አንዴ ይለቃል። አንቺ ስታስተምሪኝ «ጎማ እስከ ማታ ነው፣ ጠዋት ሞላ ፈልግ» ብለሽኝ ነበር። እኔ የትምህርቱን ግማሽ ይዤ ነው ከቤት የወጣሁት። አይጧንም፣ አለቃውንም፣ ቢጫውን ውሃም ተጸይፌ ነበር፤ ቋጠሮውን ሳይ ግን ለሌላው የሚተርፍ ምራቅ አጣሁ።

ወዲያው ቢሮ ገብቼ ጎማውን አቶ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ጎማውን በእስክሪብቶ ገለበጠው። «ታዲያ መቀመጫው አይደለም?» አለ፣ ቅር እያለው። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። ቀጥሎ ያደረገውን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ ኮቱን ለብሶ ወጣና መንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ሞላዋን ገዝቶ ተመለሰ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ቅጽም አልሞላም። ያችን የጥፍር ታህል ሞላ ነው እንግዲህ በሚያዝያ አንድ ወር ጠብቅ የተባልኩት።

ቅዳሜ ገጠምኳት። ማጨጃዋ አንድ ድምፅ ይዛ ቀረች። ጄኔራሉ ክርናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጥተው ሲያዳምጧት ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «እና እጄ አይደለም?» ብለው ነው። ለካ ቤታቸው ማታ ማታ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው ይዘው፣ ይፈስ እንደሆነ ለማየት ሲለማመዱ ሰንብተዋል። ከዚያ «አንተ ውርጋጥ» አሉኝና በቆባቸው አናቴን መቱኝ። ሳቁም። ከምቱ ይልቅ ሳቃቸው አመመኝ። ወጥተው ተቀመጡባት፣ ደረታቸውን ነፉ፣ ሄዱ።

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን ጥርሱ ካልተነቀለ በርቀት፣ ከተነቀለ በቅርብ ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይበርታ፣ ትንሿ አፏን እንጂ እጇን ወፍጮው አጠገብ አታድርስ። የጓሮ ጎረቤታችንን፣ ላሟንም ጭምር፣ እንደምን አላችሁ በይልኝ። ወፍጮውን ደግሞ ልጓሙን ዳስሺልኝ፤ ጎማ ካገኘሽበት ዛሬውኑ አውጪው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጬ
እሑድ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን

ማረሚያ፦ ከላይ «ዓርብ ከሰዓት ነገሩን አገኘሁት» የተባለው በስህተት ስለሆነ «ረቡዕ ጠዋት» ተብሎ ይነበብ። «ወዲያው ቢሮ ገብቼ» የሚለውም «ጄኔራሉ ከወደቁ በኋላ ቢሮ ገብቼ» ተብሎ ይስተካከል። ይህ ማረሚያ ለጄኔራሉ ገና አልደረሳቸውም። የወደቁበት ቀን ግን ዓርብ እንደሆነ ይጸናል።