ያን ቅዳሜ ያልሰጠሁህ ስልክ

ኢወንዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ሰባት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነህ። እዚህ ሳን ሆዜ ሁሉም ነገር ባለበት ነው ልልህ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ይበቃናል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ፣ በሁለቱ የሎሚ ዛፎች መሃል ሣር በቀለ። ኤልሳን በረኝነት ስታስተምራት ዛፎቹን የጎል ቋሚ አድርገህ፣ አባትና ልጅ እየተወረወራችሁ መሬቱን መላጣ አድርጋችሁት አልነበር? ስንቴ ተጨቃጨቅን! ጎረቤት ምን ይለናል እያልኩ ስነዘንዝህ ኖርኩ። ይኸው ማንም ሳይተክለው ብቅ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቀስኩ። ሣር የሚያጭደውን ሰውዬ ወደዚያ እንዳትጠጋ አልኩት። ግራ ገባው ምስኪን።

ሥራም ተመልሻለሁ። ያው ኦክላንድ፣ ያው ክሊኒክ፣ ያው ሪሴፕሽን። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ጣትህ አብጦ የገባህበት በር ፊት ለፊቴ ነው። እንግሊዝኛህን ስሰማ የምን አገር ቋንቋ እንደሆነ ጠፍቶኝ፣ አስተርጓሚ ልጥራልህ ወይ ማለቴ ትዝ ይልሃል? ወይ ጉድ! በሕመምህ ላይ ሳቅክ። ስኮትላንዳዊ ነኝ፣ የምናገረውም እንግሊዝኛ ነው አልከኝ። ሥራህን ስጠይቅህ በረኛ ነኝ አልክ። ጎበዝ ነህ ወይ አልኩህ፤ ድፍረቴ! ተጠባባቂ ወንበር ላይ በመቀመጥ ማንም አይደርስብኝም ብለህ መለስክልኝ። ያኔ ነው የወደድኩህ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነትህን ነው። አገርህ ሳለህ በዐሥራ ሰባት ዓመትህ የፈረምክለት ክለብ ነፋሱ የመታኸውን ኳስ ወደ ራስህ የሚመልስበት፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ ትንሽ ሜዳ ነበረው። ስድስት ዓመት በዝናብ እያሟሟቅህ የሌላ በረኛ ጀርባ አየህ። እሱ ትከሻው ወልቆ ተራው ሲደርስህ ክለቡ ወረደ። ከዚያ በውሰት ከአንዱ ወደ አንዱ። አውቶብስ ነጂው አባትህ ግን አንድ ጨዋታ አላመለጠውም። አንተ ወንበር ላይ ስትሆን እንኳ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ የዚያኛውን በረኛ ስህተት ይዞልህ ይመጣ ነበር፣ እንድትማርበት። ሳን ሆዜ ስትመጣም በኮምፒውተር እያየ፣ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ደውሎ፣ እግርህን ዘግይተህ ነው ያነሳኸው ይልሃል። አንተ ደግሞ እሺ አባዬ። ትልቅ ሰውዬ፣ እሺ አባዬ ስትል ደስ ትለኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። 

ሕግ ነበረህ፤ ከጨዋታ ዋዜማ ጀምሮ ስልክህ እኔ ዘንድ ነው። በረኛ ጭንቅላት ውስጥ ከኳስ ሌላ ነገር ከገባ አለቀለት ትል ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አንተ ሻወር ቤት ሆነህ እህትህ ሺና ደወለች። አባባ ሆስፒታል ነው፣ እየደከመ ነው፣ ኢወንን እየጠራ ነው፣ ቶሎ አገናኚኝ አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? ዛሬ ጨዋታ አለው፣ ሲጨርስ ይደውላል አልኳት። ሰናይት፣ እስከዚያ አይደርስም አለችኝ። ደጋግማ ለመነችኝ። እሺ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ሳይለንት አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ፀጉርህን እያደረቅህ ወጥተህ ማን ነው አልከኝ። ከሥራ ነው አልኩህ።

ክፋት አልነበረም ኢወንዬ። እናቴ አዲስ አበባ ስትሞት፣ ፈተና ላይ ነች ተብሎ ሦስት ሳምንት ደብቀውኛል። ከዚያ እዚህ ኦክላንድ ጋሽ መኩሪያና የእድሩ ሰዎች ማለዳ በሬን አንኳኩተው መርዶዬን ነገሩኝ። አልተቀየምኩም፤ ወደውኝ ነው አልኩ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው። እኔ ያደግኩት እንዲህ ነው። ግን እናቴ ሞታ ነበር። አባትህ አልሞተም ነበር። ይህን ልዩነት ያን ዕለት አላየሁትም። እንዴት ነው የማላየው? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ደግሞ እንዴት ተጫወትክ! መጨረሻ ላይ የተሰጠባችሁን ፔናሊቲ ወደ ግራህ ተወርውረህ በጣትህ ጫፍ አወጣኸው። ኤልሳ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። እኔም አጨበጨብኩ። ስልክህን አውጥቼ ሳየው የሺና ቴክስት ገብቷል። አባባ አረፈ ይላል። መልሼ ከተትኩት። ቤት ስንገባ አባዬ አይቶኛል፣ ልደውልለት አልክ። እዚያ አሁን ሌሊት ነው፣ ተኝቷል፣ ነገ ትደውላለህ አልኩህ። ተኝቷል! ምላሴ ይቆረጥ።

ማታውኑ ደውዬላቸው፣ እሑድ ማለዳ ጋሽ መኩሪያ፣ እትዬ አበበችና ሌሎች ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኦክላንድ መጡ። በቁምጣ ከመኝታ ቤት ወጣህ። ሳሎኑን ሙሉ ሰው ስታይ ፊትህ በራ። እንኳን ደስ አለህ ሊሉህ የመጡ መሰለህ። ጋሼ፣ አዩት? ፔናሊቲዋን አዩዋት? ብለህ በዚያ በተሰባበረ አማርኛህ ጀመርክ፤ ምንጣፉ ላይ በጉልበትህ ወርደህ እንዴት እንደተወረወርክ ልታሳያቸው። ማንም አልሳቀም። እትዬ አበበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሽ መኩሪያ ጎንበስ ብለው ከወለሉ አነሱህና ነገሩህ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። እጆችህ እንደተዘረጉ ቀሩ።

መቼ ነው ያወቅሽው አልከኝ። ማታ፣ ካረፉ በኋላ ነው የነገሩኝ አልኩህ። ለቀብር ብቻህን ሄድክ። ስትመለስ ከስተህ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተጫወትክም። ዕድሜ ነው ብለህ ፍሪሞንት ከተማ ልጆች ማሠልጠን ጀመርክ። እኔም ዕድሜ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ልነግርህ ያላሰብኩበት ቀን የለም፤ በየቀኑ ነገ እያልኩ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

ከዚያ ታመምክ። ሐኪሙ ቀናት ናቸው የቀሩት ሲለን፣ እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ኤልሳ ቅዳሜ ለኮሌጇ የምትጫወተው ትልቅ ጨዋታ አለባት፣ ትጨርስና እሑድ እንነግራታለን አልኩህ። ዐይን ዐይኔን አየኸኝ። እንደዚያ አይተኸኝ አታውቅም። አሁን ደውዪ፣ እዚሁ ፊቴ ደውዪ አልክ። ያ የቀጠነ እጅህ ስልኩን እጄ ላይ ገፋው። ደወልኩ። በእንግሊዝኛዋ መጣሁ ማሚ አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። በማግስቱ ደረሰች። ሁለት ቀን እጅህን ይዛ ስታወራህ፣ ስታስቅህ ዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጓደኞቿ ሜዳ ላይ እያሉ፣ አንተ ሄድክ። እሷ አጠገብህ ነበረች።

ከቀብርህ በኋላ ሺና ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ፊቷን ያጠቆረችብኝ ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አንገቴን ደፋሁ። ታውቂያለሽ፣ ኢወን ያውቅ ነበር አለችኝ። ለአባባ ቀብር ሲመጣ ገና ከኤርፖርት ስወስደው፣ ያን ጠዋት መደወሌን ነገርኩት። መኪናዋን አቁሚ ብሎኝ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ፣ የሷ ሰዎች የሚዋደዱት እንዲህ ነው፣ ማወቄን ካወቀች ራሷን ትጠላለች፣ አንድም ቀን እንዳታነሺባት አለኝ አለችኝ።

ኢወን፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ለምን አልጮህክብኝም? አንድ ቀን ብትጮህብኝ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምንህ ነበር። ሰበብ አሳጣኸኝ። ደብቀኸኝ ነው የሄድከው፤ ታዝናለች ብለህ፣ ልክ እንደኛ። ከኔ ነው የተማርከው እንግዲህ። ይህን ሳስብ ንዴቱ ይሄድና እንባው ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ለኤልሳ ሁሉንም ነገርኳት፣ ምንም ሳላሳንስ። እንደምታውቃት አማርኛውን ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም፤ ለምን ዝም ብለሽ አልነገርሽውም ብላ በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ። ፈራሁ አልኳት። ሁለት ቀን ክፍሏን ዘግታ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን መጥታ ሶፋው ላይ ጎኔ ተቀመጠች። ስለ ነገሩ ግን እስካሁን አላወራችም። ልክ ናት፣ አልፈርድባትም።

አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ብታውቀውም ከኔ አፍ ስማው። ያን ቅዳሜ ጠዋት አባትህ በሕይወት ነበር። ስምህን እየጠራ ነበር። አንድ በር ነው የለየን፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ልጠራህ እችል ነበር፣ አልጠራሁህም። እሺ አባዬ የምትልበትን የመጨረሻ ቀን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ አንተ በሌለህበት፣ ይቅር በለኝ።

ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ፔናሊቲውን ያነሳልኛል። እኔ የማልረሳህ በሱ አይደለም። የሠራሁትን እያወቅህ፣ በየማለዳው ወደኔ ዞረህ ደህና አደርሽ ትለኝ ነበር፤ ያንን እስክሞት አልረሳም።

ሚስትህ ሰናይት