የፋቅሁት የጥፍር ቀለም

አል ዱሃይል፣ ዶሃ
ጥር 2000 ዓ.ም.

ውድ ባንቺአየሁ፣

ስልሳ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። የግቢው መብራት ሲቃጠል መሰላል ላይ ወጥቼ የምቀይረው እኔ ነኝ። አሠሪዬ ባባ “ዳምጠው፣ የሚያግዝህ ሰው ላምጣ?” ሲለኝ “ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ እያለሁ?” እለዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ጓደኛሽ ሰላም “እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ” ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርኩት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልነካሁት። የፈረንጁን ፊደልማ ጭራሽ አላውቀውም። ይህን በጸሎት ኅብረታችን ከአንቺ በቀር የነቃብኝ አልነበረም።

ነገሩ ስለ ፔዳሎቹ ነው።

በጊታሩና በስፒከሩ መሐል የሚሰኩትን፣ በእግር የሚረገጡትን፣ ስማቸው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈባቸውን አራት ሳጥኖች መቼም አትረሻቸውም። መቃኛው ነጭ፣ ዋ ዋ የሚለው ጥቁር፣ ድምፁን የሚያሻክረው ብርቱካን፣ የገደል ማሚቶ የሚያወጣው ሰማያዊ። ዓርብ ዓርብ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መጥቼ ገመድ የምሰካው እኔ ነበርኩ። አንቺን አል ዋዓብ ያለችው ማዳምሽ የምትለቅሽ በወር አንድ ዓርብ፣ ያውም ለሦስት ሰዓት ነው። እኔ በየሳምንቱ አለሁ። ስለዚህ የሳጥኖቹ አዛዥ እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

የደረደርኳቸው በዕድሜያቸው ነው። ማሚቶው ወደ ኅብረታችን ከሁሉም ቀድሞ የመጣ ነውና ከፊት፣ ከጊታሩ ቀጥሎ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሚያሻክረው፣ ከዚያ ዋ ዋው። መቃኛው ትናንት የመጣ ልጅ ስለሆነ መጨረሻ። ሽማግሌ ቆሞ ልጅ ከፊት አይቀመጥም። ለሰው የሚሠራ ሕግ ለሳጥን ምን ያንሰዋል ብዬ።

አንቺ መጣሽና ጎንበስ ብለሽ አየሽ። “ጋሼ፣ ማሚቶው መጨረሻ ነው የሚሆነው።”

“ማን አለ?”

“የማዳም ልጅ ክፍል እንደዚያ ነው። አቧራ ስጠርግ ነቅዬ መልሼ ስሰካ ነው የተማርኩት።”

“አቧራ ጠረጋና ኤሌክትሪክ ምን አገናኘው?” አልኩሽ።

አልተቀየምሽም። “ጋሼ፣ ሰው ተቆጥቶ ገደል ላይ ቢጮህ፣ ገደሉ ያንኑ ቁጣ እየቀነሰ እየቀነሰ ይመልስለታል። ገደሉ ራሱ ከተቆጣ ግን ማን ምን እንዳለ አይለይም” አልሽኝ። ገብቶኝ ነበር። እንዳልገባኝ ሆንኩ።

በሚቀጥለው ወር ቀይ የጥፍር ቀለም ይዘሽ መጣሽ። መቃኛው ላይ አንድ ነጥብ፣ ዋ ዋው ላይ ሁለት፣ የሚያሻክረው ላይ ሦስት፣ ማሚቶው ላይ አራት። ኪቦርድ የሚጫወተው ጢሞቴዎስ አየና “ጋሼ፣ ተገላገሉ! ከእንግዲህ እስከ አራት መቁጠር ብቻ ነው!” አለ። ሰው ሳቀ። አንቺ ቶሎ ብለሽ “ለእሳቸው አይደለም፣ ለራሴ ነው። በወር አንዴ እየመጣሁ እየጠፋብኝ” አልሽ። ሰው አመነሽ። እኔን ግን ያቃጠለኝ ያ መልስሽ ነው። ስለ እኔ ብለሽ እንደዋሸሽ አውቄያለሁ።

ባለቤቴን ብርቅነሽን አታውቂያትም፤ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የመድኃኒት ጠርሙሶቼ አንገት ላይ ክር ታስርልኝ ነበር። ለጠዋቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለማታው ሁለት። እንግዳ ሲመጣ ጠርሙሶቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ትከታቸዋለች። አንድም ቀን በአፏ አላወጣችውም፣ እኔም አላመሰገንኳትም። ያንቺን ነጥብ ሳይ፣ እሷ ሸፍናልኝ የሞተችውን አንቺ የገለጥሽብኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ነጥቦቹን በምላጭ ፋቅኋቸው። ሳጥኖቹንም ወደ እኔ ሰልፍ መለስኳቸው።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ለታመሙት እናትሽ መዝሙር ሠርተሻል። ሰላም ሞባይሏን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ሆሳዕና ከተማ ሆነው እናትሽ ይሰማሉ። ሾፌሩ አዘግይቶሽ እያለከለክሽ ገባሽ። ጊታሩን አንገትሽ ላይ እያጠለቅሽ “ጋሼ፣ እንደ ነጥቡ ነው?” አልሽኝ።

“እንደ ነጥቡ ነው” አልኩሽ።

የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ሄደ። ከዚያ ብርቱካኑንና ሰማያዊውን አከታትለሽ ረገጥሽ። ማሚቶው አልሞት አለ። አንዱ ጩኸት ሳያበቃ ሌላው ይነሣል፣ ሁሉም እኩል ይሻክራል፣ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ጎንበስ ብለሽ አየሽ። የተፋቀውን ብረት አየሽ። ከዚያ እኔን አየሽኝ።

ጢሞቴዎስ “ጋሼ፣ ገመዱ ልክ ነው?” አለኝ።

“ልክ ነው። ልጅቷ ናት” አልኩት።

አንቺ “ይቅርታ፣ ስላልተለማመድኩ ነው” ብለሽ ጊታሩን አስቀመጥሽ። ከሞባይሉ ውስጥ የእናትሽ ድምፅ መጣ፦ “ባንቹ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? መኪና ነው?”

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ገመድ እጠቀልል ነበር እኔ።

በሚቀጥለው ወር አልመጣሽም። ኮንትራትሽ አልቆ አገርሽ ገባሽ። ባለፈው ሰሞን ሰላም በስልክ አግኝታሽ “ጊታር ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች፤ ድሮም አልችልም ነበር ትላለች” አለችኝ። ትችይ ነበር። ይህን ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ የለም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኛ።

መንሱራ ሰፈር ወርጄ የጥፍር ቀለም ጠየቅሁ። ባለሱቋ ሙኒራ “አባባ፣ ለማዳም ነው?” አለችኝ።

“ለእኔ ነው።”

“ያ ሰላም!” ብላ በዓረብኛ ተገረመች፤ “ለእጅ ነው ለእግር?”

“ለሚረገጥ ነገር ነው፣ ስጪኝ” አልኳት። ወጥቼ መንገድ እስክሻገር ሳቋ ይሰማኝ ነበር። ይሳቅብኝ።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነጥቦቹን መልሼ ቀባሁ። በተፋቀው ላይ ስለሆነ እንዳንቺው አላማረም። እንዳልሽው ሰካሁ። መጫወት አልችልም፤ አንዷን ክር ብቻ ሳብ አደረግኋት። ሻክራ ወጣች፣ ተመለሰች፣ እየቀነሰች እየቀነሰች ጸጥ አለች። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን ይቅር በይኝ ብዬ ብቻ ልላቀቅ አልፈልግም። ያለብኝን ሌላ ሰው አይከፍልልኝም። በሚመጣው ዓርብ ኅብረቱ ፊት ቆሜ ይህንን ደብዳቤ አነባለሁ፤ ብንተባተብም ጢሞቴዎስ አያነብልኝም። “ልጅቷ ናት” ያልኩትን እሱ ባለበት እሽረዋለሁ። ከዚያ ሰላም ለዕረፍት ስትመጣ ደብዳቤውን ትሰጥሻለች። እኔም ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ይዣለሁ፤ ሳጥኖቹን በውሰት እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። እኔ መለመን አልወድም፣ ታውቂያለሽ።

ሆሳዕና ቤትሽ እመጣለሁ። በር ብትዘጊብኝ ደጅ እቀመጣለሁ። ከከፈትሽልኝ እናትሽን ከስፒከሩ አጠገብ አስቀምጪልኝ፤ ያን ቀን የሰሙት መኪና እንዳልነበረ፣ እኔ እንደነበርኩ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እንበረከክና ከጊታሩ ጀምሬ እሰካለሁ። ጎረቤት ቢሰበሰብም፣ ልጆች ቢስቁም፣ በጣቴ ነጥቡን እየነካሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ዳምጠው፣
በገዛ እጁ