ወይዘሮ ቀለበት

ጂንካ፣ ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለበረከት አባት፣ ለአቶ ተሰማ፤

ጌታ በቸርነቱ ጠብቆህ ይህ ደብዳቤ በሰላም ያግኝህ። እኔም ልጅህም ደህና ነን። ጽሑፉ የማን ነው ብለህ እንዳትገረም፤ የእኔ የቦሼ ነው። ያኔ በሽማግሌ ፊት በአውራ ጣቴ ነበር የፈረምኩት። አንተ ከሄድክ በኋላ በሽበቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደሌ ቢንጋደድም ይነበባል።

የድሮ ረዳትህ ወንድሙ ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቶኝ መልእክትህን ነገረኝ። ዛሬ እሱም ሹፌር ሆኗል። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

"እትዬ ቦሼ፣ ጋሽ ተሰማ ቫይረሱ አለባቸው። መድኃኒት ጀምረዋል። ሐኪሞቹ የቆየ ነው ብለዋቸዋል። 'ቦሼን ገድያታለሁ፤ ትመርመር፤ ይቅር ካለችኝም ቤቴ ልግባ' እያሉ ያለቅሳሉ" አለኝ።

ሙዝ እየሸጥኩ ነበር። መሸጤን አላቋረጥኩም። "አልገደለኝም በለው" አልኩት።

"በምን ያውቃሉ እትዬ?"

"የቀረውን ራሴ እጽፍለታለሁ።"

እንግዲህ ስማ። ከመንገድ ጨብጥ ይዘህልኝ መጣህ። ፅንሱ ወርዶብኝ በረከት ታናሽ ያጣው በዚያ ነው። አንተ ግን "ሆዷን በርዷት ነው" ብለህ ለጎረቤት አወራህ። ከዚያ ወዲያ ኮንዶም አድርግ ስልህ "ሙዝ ከነልጣጩ ይበላል ወይ?" እያልክ ትስቅ ነበር። ሙዝ ሻጭዋ እኔ ነኝ። ልጣጭ ለምን እንደተፈጠረ አንተ ልትነግረኝ?

ጤና ጣቢያ ሄጄ ለሲስተር ሮዳስ ሳለቅስላት "እሱ እስኪስማማ ለምን ትጠብቂያለሽ?" አለችና የሴቶች ኮንዶም አወጣችልኝ። ለስላሳ ከረጢት ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት አለው። የምታስገባው ሴቲቱ ራሷ ናት፤ ሰዓታት ቀድማ ብታስገባውም ይቻላል። መጀመሪያ ስሞክር ከእጄ አምልጦ ግድግዳው ላይ ተፈናጠረ። ሲስተር ሮዳስ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እያለቀስኩ እኔም ሳቅኩ። ለአንተ "ለማህፀኔ ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ነው" አልኩህ። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ከጉዞ ስትመለስ አውሮፕላን ሜዳው ጥግ ላይ ክላክስ ታደርግ ነበር፤ ሜዳው ላይ የሚግጡት ላሞች ይደነብራሉ፣ እኔም ወደ ጓዳ እሮጣለሁ። "ቦሼ ክላክሴን ስትሰማ ቀሚስ ልትቀይርልኝ ትሮጣለች" እያልክ ለወንድሙ ትኮራበት ነበር አሉ። ቀሚስም ቀይሬያለሁ። አይሱዙህን አቁመህ እስክትገባ ግን ዋናውን ጨርሼ ነበር።

ቤት በሰነበትክ ጊዜም አልተውኩትም። ጎረቤታችን አሰገደች "ባሌ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያደረው፤ አሁን ምን ያደርግልኛል?" እያለች ትተወው ነበር። በሽታ ግን ሰንብቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። ዛሬ እሷም እንዳንተ መድኃኒት ላይ ናት። ንገሪው ብላኝ ነው የጻፍኩልህ፤ በርታ ብላሃለች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ኮንዶሙን ከሳጥኔ ውስጥ አገኘኸውና ምን እንደሆነ ገብቶህ ሽማግሌ ሰበሰብክብኝ። "ልጄን ትታ ከቤቴ ትውጣ" አልክ። በረከት ቀሚሴን ጨብጦ ቆሞ ነበር። ቀለበቱን አንጠልጥለህ "ይህን የዲመካ መጠጥ ቤት ሴቶች አምባር አድርገውት አይቻለሁ! ባለትዳር ሴት ምን ልትሠራበት ነው?" ብለህ ጮህክ። እውነትህን ነው፤ እነዚያ ልጆች ከረጢቱን እየጣሉ ቀለበቱን ለጌጥ ያደርጉት ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ኤርሳዶ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ለመሆኑ ተሰማ፣ እኛም ለከብት ገበያ ዲመካ እንወርዳለን። እኛ ያየነው አምባር ነው። አምባሩ ከምን እንደወጣ ላንተ ማን አሳየህ?"

ቀለበቱን ከጀርባህ ደበቅክ።

"ከብት ገበያው መሀል ነው ያሳየችህ?" አሉህ ደግመው።

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቤቱም ልጁም ለእኔ ተፈረደ። አንተ በማግስቱ ጭነት አለብኝ ብለህ ወጣህ፤ ይኸው ቀረህ።

የሰፈሩ ሴቶች "ወይዘሮ ቀለበት" የሚል ስም አወጡልኝ። ሳልፍ እየጠቀሱኝ ይሳሳቁ ነበር። ዛሬ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ በጓሮ በር ወደ እኔ ይልኩልኛል። አልረሳሁላቸውም፤ ልጆቹን ግን አስተምራለሁ። ከሲስተር ሮዳስ ጋር ዲመካ ወርጄም እነዚያን የመጠጥ ቤት ልጆች "አምባሩን አውልቁ፤ ቦታው እዚያ አይደለም" አልኳቸው። ትጊ የምትባል አንዷ "እትዬ፣ ደንበኛው እምቢ ካለስ?" አለችኝ። "አንቺ ቀድመሽ ተዘጋጅተሽ ከጠበቅሽው እምቢ የሚለው ምኑን ነው?" ስላት እየሳቀች ከእጇ አወለቀችው። ያን ቀን ስድቡ ማዕረግ ሆነልኝ።

ከወንድሙ መልእክት በኋላ ሰኞ ዕለት ተመረመርኩ። ድሮም እመረመራለሁ፤ የዚህን ጊዜ ግን ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም። ሲስተር ሮዳስ ውጤቱን ልታነብልኝ ስትል ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና ራሴ አነበብኩት። ነጻ ነኝ።

ስለዚህ ገደልኳት እያልክ አታልቅስ። አልገደልከኝም። አልፈቀድኩልህም።

ይቅርታውን ገና እያሰብኩበት ነው። ስለ በረከት ታናሽ የማለቅስበት ቀን አለኝ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም። አንተ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ፤ ባዶ ሆድህንም አትዋል። ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። ሰፊው አልጋ እዚያው ነው፤ ብዙ ሰው ጠይቆኝ አልሸጥኩትም። ሕጌ ግን ያው ነው፤ አንድም ቀን አይጎድልም።

ጌታ አካልህን ያበርታልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ከመጣህ ወንድሙ ያምጣህ። አውሮፕላን ሜዳው ጥግ ስትደርሱ ክላክስ ያድርግ።

የበረከት እናት
ቦሼ፣ በገዛ እጄ