መስኮት ልለካ ሄጄ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? እንቅልፍሽስ? ዓይንሽን ደግሞ ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምጠይቅሽ። ደብዳቤዬን ለምታነብልሽ ለጎረቤታችን ለአስተማሪዋ ሰላምታዬ ይድረሳት። እስቲ ይቺን ጮክ ብላ ታንብባት፣ ሰፈሩ ይስማ፦ ቤት አግኝቻለሁ። ፊደሌ ቢጣመምባት ከደስታ ነው።

የሚቀጥለውን ግን፣ አስተማሪዬ፣ በሩን ዘግተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

አትቆጪኝ እማዬ። ሐኪሙ «ዓይንሽን ሳይመሽበት ከተማ ሄደሽ ታከሚ» ካለሽ ወዲህ፣ ልምጣ ባልሽኝ ቁጥር «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው» እልሽ ነበር። አንቺም «አራት ወር ሙሉ የሚቀባው የንጉሥ ቤት ነው?» ብለሽ ቀለድሽብኝ። ቤት አልነበረኝም። አከራዬ ኪራዩን ባንድ ጊዜ እጥፍ አደረገው፤ ብለምነው «ካልተመቸሽ መንገዱ ሰፊ ነው» አለኝ። ከተማውን ዞርኩት። ክፍል ጠፍቶ አይደለም፤ የኔ ደሞዝ የሚደርስበት ክፍል ነው የጠፋው። መጋረጃ የምሰፋበትን ሱቅ ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝና፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ ተመልሼ እየገባሁ ጨርቅ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ እተኛ ነበር። ደብዳቤሽን በሱቁ አድራሻ ላኪው ያልኩሽም ለዚሁ ነው። እኔስ ጣሪያ አላጣሁም። በረንዳችን ላይ ባልና ሚስት ያድራሉ። ሰውዬው ሹፌር ነው፤ ጠዋት በጀሪካን ውሃ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ሥራው ይገባል። «እኛኮ ሥራ አላጣንም፣ ቤት ነው ያጣነው» አለኝ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

እትዬ፣ የሱቃችን ባለቤት፣ ምንም አላወቁብኝም። እንዲያውም ዘንድሮ እርጅና ተጫናቸው መሰለኝ መርሳት አብዝተዋል። ሲወጡ ወፍራም ካፖርታቸውን ወንበር ላይ ይረሱታል፤ ምሳ ዕቃቸውንም ግማሹን ሳይነኩት ትተውት ይሄዳሉ። «እትዬ፣ አንድ ቀን ራስዎንም ረስተው ይሄዳሉ» ብላቸው «አንቺ እያለሽ ምን ይጠፋል» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ለምታከራየው ግቢ የስምንት መስኮት መጋረጃ አዘዘች። ልለካ ሄድኩ። ሰባቱን ለካሁ። ስምንተኛው ጥግ ላይ ባለች ባዶ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ስገባ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሜትሬን ከመስኮቱ አንስቼ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት። ተመልሼ ደብተሩን ለእትዬ ሰጥቼ ጨርቅ ስቆርጥ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ስምንተኛው ደግሞ ምን ዓይነት መስኮት ነው?» አሉኝ። ለካ «የእማዬ አልጋ፣ አንድ ሜትር ከሃያ። የኔ ፍራሽ፣ ዘጠና። ምድጃ በሩ ጋ» ብዬ ጽፌያለሁ። መስኮቱን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «ተነሺ፣ መስኮቱን ደግመን እንለካው» ብለው ራሳቸው አብረውኝ መጡ።

እትዬ ክፍሏን ለኔ እንድታከራየኝ ሲጠይቋት፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ «ብቻዋን ያለች ሴት ኪራይ ታስቸግረኛለች» ብላ ፊቷን አዞረች። እትዬ እኔን ግቢው ውስጥ አቁመውኝ ተከትለዋት ገቡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጡ የሴትዮዋ ፊት ፈክቷል፣ ኪራዩንም አቅሜ በሚችለው አደረገችልኝ። ሰው እንዲህ ደግ ነው እማዬ፣ ዝም ብለን እናማለን እንጂ። መጋረጃው ስምንቱም ትናንት ተሰቀለላት። እትዬ ሂሳቡን መቀበሉንም ደረሰኝ መቁረጡንም ረሱት። ባስታውሳቸው «ተይው፣ እርጅና ነው» አሉኝ።

ሐኪም ቤት ሄጄ አስመዝግቤሻለሁ፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ነው ቀጠሮሽ። ሰኞ ተነሺ። ዕቃ አታብዢ፣ ራስሽን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ያቺ መስኮት ወዴት እንደምታይ አሁን አልነግርሽም። ዓይንሽ ሲበራ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅና፣ ከፊቴ አያርቅሽ፣ ዕድሜሽን ለኔ ሲል ያርዝመው።

ቤት ያላት ልጅሽ